ለጉንፋን የተጣለ ግዝት

በዚያ ጠዋት በቄስ መርሻ ቤት የነበርነው እነዚህ ነን። ቄስ መርሻ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው መደቡ ላይ ተኝተዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አትጠገብ የአጥሚት ዋንጫ ይዘው በግርጌያቸው ቆመዋል። የንስሐ አባታቸው አባ ፈንታሁን ምሰሶውን ተደግፈዋል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሙላው ጠመንጃውን እንዳነገተ፣ አንድ እግሩን ከውስጥ አንዱን ከውጭ አድርጎ ደጃፉ ላይ ነው። አለቃዬ ጋሽ ይግዛው ከመደቡ ጎን፣ ብርሃን በሚገባበት በኩል ቁጢጥ ብለዋል። እኔ የመድኃኒቱን ቦርሳ ይዤ ከኋላቸው ቆሜያለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። አገሩ ከደባርቅ ወደ በየዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ የእኛ ክሊኒክ የነበረባት ቀበሌ ናት። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ገና ደርሷል። ኢንፍሉዌንዛ የሚባለው ከባዱ ጉንፋን ከአጨዳው ጀምሮ ቤት ለቤት ሲዞር ሰንብቶ ቄስ መርሻንም ጥሏቸው ነበር። ከትናንት ወዲህ ግን ትኩሳቱ ለቋቸዋል።

«እንግዲህ ድኛለሁ፤ ልነሣ» አሉ ቄስ መርሻ።

«አልዳኑም። ትኩሳቱ ነው የሄደው» አሉ ጋሽ ይግዛው።

«ትኩሳቱ ከሄደ ምን ቀረ?»

«ሳንባዎ ቀረ።»

ወይዘሮ አትጠገብ ዋንጫውን አቀረቡላቸው። ቄስ መርሻ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ጾም ነው፤ ሰዓቱ አልደረሰም» አሉ።

ሙላው ከደጃፉ ሆኖ፣ «አባታችን፣ ቢተኙ ምናለ? ከስብሰባም እኮ ቀርተዋል፤ ምንም አላልንዎትም» አላቸው።

«ስብሰባ ያለ እኔ ይሆናል፣ ሙላው። ቅዳሴ ያለ እኔ አይሆንም።»

እውነታቸውን ነበር። ለቅዳሴ ሁለት ቄሶችና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። በዚያ ደብር የነበሩት ቄሶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አባ ፈንታሁንና ቄስ መርሻ። አንዱ ከተኛ የገና ቅዳሴ ሊታጎል ነው። ደግሞም የቄስ መርሻ ድምፅ ዝነኛ ነበር። እሳቸው ሲቀድሱ ለመስማት ከዳባት ድረስ የሚመጣ ሰው አውቃለሁ።

ጋሽ ይግዛው በዚያች ሰዓት ያደረጉትን ከመናገሬ በፊት ስለ እሳቸው ጥቂት ልበል።

እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ የምኖረውም ዳባት ነው። የወንድሜ ልጅ እዚሁ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ጉንፋን በበረታ ጊዜ ደክሟት ትመጣና፣ «አክስቴ፣ እናንተ ያኔ ያለ ምንም ነገር እንዴት ታደርጉ ነበር?» ትለኛለች። ይህን የጻፍሁት ለእሷ መልስ እንዲሆን ነው። ያለ ምንም ነገር አልነበርንም። ጋሽ ይግዛው ነበሩ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ጎንደር የጤና ረዳትነት ኮርስ ወስጄ ነበር። መጀመሪያ የተመደብሁት ደባርቅ ነው፤ ለቁስል ማጠብና ለክትባት። ኃላፊያችን ጮክ ብሎ የሚናገር፣ ግን ደመወዛችንን ሳያዘገይ የሚያስመጣ ሰው ነበር። ከዚያ ወደዚያች ቀበሌ ተዛወርሁ። ስደርስ ጋሽ ይግዛው ከክሊኒኩ በር ላይ እጃቸውን ይታጠቡ ነበር። ሰላም አላሉኝም፤ መጀመሪያ ሳሙናውን አቀበሉኝ።

በድሬሰርነት፣ በቁስል አጣቢነት የጀመሩ የቆዩ ሰው ናቸው። ሳሙናቸውን በትንሽ ቆርቆሮ አድርገው ከኪሳቸው አይለዩትም። የበሽተኛ ቤት ሲገቡ ይታጠባሉ፤ ሲወጡ ይታጠባሉ። «በሳል ፊት አትቁሚ፤ በጎን ቁሚ» ይሉኝ ነበር። ትንፋሽ ሲቆጥሩ የበሽተኛውን ፊት አያዩም፤ ጋቢው ሲነሣና ሲወርድ ነው የሚያዩት፤ ሰው እንደሚታይ ካወቀ አተነፋፈሱን ይለውጣላ። ደረት የሚያዳምጡት ነጠላ አልብሰው፣ ጆሯቸውን ከጀርባው ላይ ጥለው ነው። መሣሪያው አለ፤ «ብረቱ ይቀዘቅዛቸዋል» ይላሉ። በበሽተኛው ዋንጫ እጀታ ላይ ክር ያስራሉ፤ ክር ባለበት ዋንጫ ሌላ ሰው አይጠጣም። ዳማከሴ የሚታሽን ሰው አይከለክሉም። በር ዘግተው ኩበት ሲያጨሱበት ግን ይቆጣሉ።

ለጉንፋን መርፌ አይወጉም ነበር። በዚህ የተነሣ የሰሙት ስድብ ብዙ ነው።

«ከዚህ ድረስ መጥቼ ውሃ ጠጣ፣ ተኛ ልትለኝ ነው?» ይላል ገበሬው።

«አዎ።»

«ይህንንማ እናቴም ታውቀዋለች።»

«እንግዲያው እናትህን ምን ነው አልሰማሃት?»

የስብሰባው ነገርም ትዝ ይለኛል። ገበሬው ሁሉ በየሳምንቱ ጠባብ አዳራሽ ውስጥ ታጭቆ፣ መስኮት ተዘግቶ ይሰበሰባል። ጋሽ ይግዛው በጉንፋን ወራት ሙላው ዘንድ ሄደው፣ «ስብሰባውን ከፀሐይ አውጣው» አሉት። ሙላው የበላይ አካል ምን ይለኛል ብሎ ተጨነቀ። «መፈክሩ ከሩቅ ይሰማል በላቸው» አሉት። ከዚያ በኋላ ስብሰባው በሜዳ ሆነ። የሚያስል ሰው ነፋሱ ወደሚሄድበት ዳር ይቀመጣል። አንዳንዱ ያለ ሳል ከዚያ ዳር ተቀምጦ እንቅልፉን ይተኛ ነበር።

ጋሽ ይግዛውን የሚያስጨንቃቸው ግን ጉንፋኑ ራሱ አልነበረም፤ ከጉንፋኑ በኋላ ያሉት ቀናት ናቸው። አንድ ጎልማሳ ገበሬ ነበር። ትኩሳቱ እንደለቀቀው ተኛ ቢባል እምቢ ብሎ ወደ አውድማው ሄደ። ገብሱን ሲያበራይ በአቧራና በብርድ ዋለ፤ እዚያው አደረ። በበቅሎ ጭነው ሲያመጡት የሳንባ ምች ሆኖበት ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። እጃችን ላይ ሞተ። ጋሽ ይግዛው፣ «እኔ ብናገር የሚሰማኝ ሰው አልነበረም። የሚሰማውን ሰው ፈልጌ ማናገር ነበረብኝ» ብቻ አሉ።

ወደ ቄስ መርሻ ቤት ልመለስ።

ጋሽ ይግዛው ከተቀመጡበት ተነሥተው ወደ አባ ፈንታሁን ዞሩ።

«አባታችን፣ ይገዝቱልኝ።»

«ማንን?»

«እሳቸውን። ከዚህ ደጃፍ እንዳይወጡ።»

አባ ፈንታሁን ጺማቸውን ያዙ። «ግዝት ለጠበኛ ነው፤ ወሰን ለሚገፋ ነው። ለጉንፋን ገዝቼ አላውቅም» አሉ።

«ነፍስ ናት፣ አባታችን።»

«ከሥራ እንዲያርፍ ልገዝተው እችላለሁ። ከደጃፍ ምን አመጣው?»

«ከሥራ ቢሏቸው ቤተ ክርስቲያን ሄደው ብርድ ላይ ይቆማሉ። ለምን ወጡ ሲባሉ፣ መች ሠራሁ፣ ቆሜ ነው የዋልሁት ይሉኛል።»

ቄስ መርሻ ከመደቡ ቀና አሉ። «አባቴ፣ እባክዎን አያድርጉት» አሉ።

አባ ፈንታሁንን ያስወሰናቸው ይህ ልመና ይመስለኛል። «እንግዲያው ሊነሣ ቆርጧል» አሉና የእጅ መስቀላቸውን አወጡ። «ውሃና አጥሚት ከጠዋት ጀምሮ ፈቅጄልሃለሁ። እኔ ራሴ መጥቼ እስክፈታህ ድረስ ግን ከዚህ ደጃፍ እንዳትወጣ ገዝቼሃለሁ።»

ቄስ መርሻ መስቀሉን ተሳለሙና ተመልሰው ተኙ። ወይዘሮ አትጠገብ ዋንጫውን እጃቸው ላይ አኖሩት። ጠጡት።

አባ ፈንታሁን ለገና ቅዳሴ ሌላ ቄስ ተውሰው ለማምጣት በማግስቱ በበየዳ መንገድ ወጡ። እኛ ቤቱን አስተካከልን። እሳቱን ወደ ደጅ አወጣን፤ በሩን ቀን ቀን ከፈትን። ጠያቂ ሁሉ ከግቢው ፀሐይ ላይ እንዲቀመጥ ሆነ። አንድ ሽማግሌ ተቀይመው፣ «ቄሳችንን በአጥር ላይ ነው እንዴ የምንጠይቀው? እስረኛ ናቸው?» አሉ።

«አዎ፣ የይግዛው እስረኛ ናቸው» አላቸው ሙላው።

ቄስ መርሻ ጠጡ፤ ተኙ፤ የተባሉትን ሁሉ አደረጉ። እንዲህም ሆኖ የሳንባው ምች አልቀረም። አንዳንዴ ተኝተው ለሚያርፉትም ይመጣል፤ ይህን ኋላ በሥራ ዘመኔ ደጋግሜ አይቻለሁ። አንድ ጠዋት ስንገባ ትኩሳቱ ተመልሷል። ጎናቸውን ይዘው ያቃስታሉ፤ የሚተፉት አክታ የዛገ ብረት ይመስላል። ጋሽ ይግዛው ጆሯቸውን ከጀርባቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ሲነሡ ወደ እኔ አላዩም። ፔኒሲሊን ወጋናቸው። ጥፍራቸው ግን መጥቆር ጀምሮ ነበር። ወደ ደባርቅ ወርደው ከዚያ በመኪና ጎንደር ሆስፒታል መድረስ ነበረባቸው።

ሙላው አራት ጎረምሶችና ቃሬዛ ይዞ መጣ።

«አልወጣም» አሉ ቄስ መርሻ። ትንፋሻቸው በየቃሉ መሐል ይቆረጥ ነበር። «ተገዝቻለሁ።»

«ያስገዘትሁ እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ይግዛው። «እኔው ይውጡ እላለሁ።»

«ያስገዘተ አይፈታም። የገዘተ ነው የሚፈታ።»

«ይሞታሉ።»

«ግዝት አፍርሼ ከምሞት፣ እዚሁ ልሙት።»

ሙላው ጠመንጃውን ከትከሻው አስተካከለ። «በመንግሥት ትእዛዝ ይወጣሉ» አለ።

«ልጄ፣ መንግሥት የገዘተኝ ጊዜ መንግሥት ይፈታኛል» አሉት።

ወይዘሮ አትጠገብ፣ «አንሡና ውሰዱት፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን» አሉ። ጎረምሶቹ ግን ቃሬዛውን መሬት አስቀምጠው እርስ በርስ ተያዩ። የተገዘተ ቄስ ተሸክሞ ደጃፍ የሚያሻግር ሰው ከመካከላቸው አልነበረም። ያንን አገር ለማያውቅ ሰው ይህ ሞኝነት ይመስለው ይሆናል። እዚያ ቤት ውስጥ የነበርነው ሁላችን ግን የምንኖረው በዚያው ሕግ ነበር። ግዝቱንም የፈለግነው ሰው የሚታሰርበት ስለሆነ ነው።

ጋሽ ይግዛው ወደ ጎረምሶቹ ዞረው፣ «ቃሬዛው ባዶውን ይሂድ» አሉ። «አባ ፈንታሁን ሽማግሌ ናቸው፤ በእግራቸው እስኪደርሱ አንጠብቅም። ባገኛችሁበት ተሸክማችሁ አምጧቸው። የሺ፣ አብረሽ ሂጂ፤ ነገሩን አንቺ አስረጃቸው።»

ባዶ ቃሬዛ ይዘን በበየዳ መንገድ ዳገቱን ወጣን። ጎረምሶቹ ፈጣን ናቸው፤ እኔ ከኋላ እየሮጥሁ ነበር። ውርጩ ሣሩ ላይ ገና አልቀለጠም። በልቤ የቄስ መርሻን ትንፋሽ እየቆጠርሁ እሄድ ነበር፤ ምን ይጠቅማል ብዬ እንደሆነ አላውቅም።

አባ ፈንታሁንን ያገኘናቸው ከአንድ ቁልቁለት ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው። የተዋሱት ወጣት ቄስ እግራቸውን በነጠላ ያስርላቸዋል። ቁርጭምጭሚታቸው ወለም ብሎ አብጦ ነበር።

«ምን ሆናችሁ?» አሉ ቃሬዛውን ሲያዩ።

ነገርኋቸው። ሰምተው ሳይጨርሱ ብድግ አሉ፤ እግራቸው አልችል ብሏቸው ተመልሰው ተቀመጡ።

«ይውጡበት፣ አባታችን» አልኋቸው።

«በምን ላይ?»

«በቃሬዛው።»

«እኔ ሬሳ ነኝ?»

«ቄስ መርሻ ሬሳ እንዳይሆኑ ነው።»

ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም። ተኝተው መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ ያዙ፤ ጎረምሶቹ አነሧቸውና ቁልቁል ሮጡ። መንገድ ላይ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች አገኙን። ካህን በቃሬዛ ተጋድሞ ሲያዩ አንዷ ሸክሟን ጥላ፣ «ወየው፣ አባ ፈንታሁን» ብላ ደረቷን ልትመታ እጇን አነሣች። አባ ፈንታሁን ቀና አሉና፣ «አልሞትሁም፣ ልጄ። ቸኩዬ ነው፤ መንገድ ልቀቂ» አሏት። ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። ጎረምሶቹ ሳቅ ይዟቸው ቃሬዛው ዘመመ። «ሳቁን ከደረሳችሁ በኋላ» ብለው ተቆጧቸው።

ስንደርስ ቄስ መርሻ በትራስ ተደግፈው ቁጭ ብለው ነበር፤ መተኛት አልቻሉም። ጋሽ ይግዛው ትከሻቸውን ደግፈው ይዘዋል። ጎረምሶቹ አባ ፈንታሁንን ከነቃሬዛቸው አስገብተው ከመደቡ አጠገብ አወረዷቸው። አባ መስቀላቸውን ዘረጉ።

«ፈትቼሃለሁ። ውጣ።»

ቄስ መርሻ ተሳለሙ። አባ ፈንታሁን ከቃሬዛው ወደ መደቡ ተንሸራተቱ፤ ቄስ መርሻን ከመደቡ ወደ ቃሬዛው አወረድናቸው። ወይዘሮ አትጠገብ ጋቢ ደረቡላቸውና ከኋላ ተከተሉ። ጋሽ ይግዛው ከፊት ወጡ። እኔ ሌላ በሽተኛ የተኛበት ቤት ብዙ ስለነበር እዚያው ቀረሁ።

የገና ቅዳሴ አልታጎለም። አባ ፈንታሁን መቋሚያቸውን ተደግፈው በአንድ እግራቸው፣ ያ የተዋሱት ወጣት ቄስ ከጎናቸው ሆኖ ቀደሱ።

ቄስ መርሻ ጎንደር ብዙ ተኙ። ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ተመለሱ። ከስተዋል፤ ከግቢያቸው እስከ አጥሩ ሲሄዱ ሁለት ጊዜ ይቆማሉ። አንዱ ሳንባቸው ወደ ነበረበት አልተመለሰም። ሐኪሞቹ ቀደም ብለው ቢደርሱ ይሻል ነበር ብለዋል። ይህን ለጋሽ ይግዛው የነገሯቸው ወይዘሮ አትጠገብ ናቸው፤ በቁጣ አልነበረም።

ጋሽ ይግዛው ስለዚህ ነገር ያነሡልኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መርፌ እየቀቀልን ነበር። «አባ ከሥራ ልገዝተው ብለው ነበር» አሉ። «ከደጃፍ ያልሁት እኔ ነኝ። እንዳይወጡ ብቻ አሰብሁ፤ መውጣት ሲኖርባቸውስ አላልሁም።» ከዚያ በኋላ ልማዳቸው ተለወጠ። ለበሽተኛ ማናቸውንም ነገር ከማዘዛቸው በፊት ለቤተሰቡ፣ «ይህ ምልክት ከታየ ምንም ሳትጠብቁ አምጡት» ማለትን ያስቀድሙ ነበር። ትንፋሽ መፍጠን፣ ውጋት፣ የከንፈር መጥቆር፣ ትኩሳቱ ሄዶ መመለስ። እስኪደግሙላቸው ድረስ ከቤቱ አይወጡም። እኔም እስከ መጨረሻው እንዲሁ ሠራሁ።

በቀበሌው ግን ሌላ ነገር መጣ። ገበሬዎቹ አፍንጫቸው ትንሽ ሲፈስ አባ ፈንታሁን ዘንድ እየሄዱ፣ «ይገዝቱኝ» ማለት ጀመሩ። በሽታ ከስብሰባ አያስቀርም፤ ግዝት ግን ያስቀራል። ሙላው እያማረረ ክሊኒክ መጣ። «ጋሽ ይግዛው፣ ይህን ያመጡብኝ እርስዎ ነዎት። አዳራሹን ሜዳ አደረጉብኝ፤ አሁን ደግሞ ሜዳውን ባዶ ሊያደርጉብኝ ነው?» አላቸው። አባ ፈንታሁንም ለጠየቃቸው ሁሉ፣ «ለጉንፋን አንድ ጊዜ ገዘትሁ፤ እግሬ እስከ ዛሬ ያመኛል» ብለው ይመልሱ ነበር። ቢሆንም አንድ ጥሩ ነገር ቀረ። ትኩሳት የለቀቀው ሰው ጥቂት ቀን ሲተኛ ሰነፍ የሚለው ጠፋ።

ከፋሲካ በኋላ ወደ ዳባት ተዛወርሁ። ከመሄዴ አስቀድሞ በነበረው ቀን ቄስ መርሻ ቤት ገባሁ። ሸማቸውን አጥበው አድርቀው ነበር።

«ነገ ልቀድስ ነው» አሉኝ። «ልነሣ?»

ነጠላ አልብሼ ጆሮዬን ከጀርባቸው ላይ አደረግሁ። ቀኙ ንጹሕ ነው። ግራው ከታች በኩል ድምፅ አልነበረውም።

«ይነሡ» አልኋቸው። «ትንፋሽ ሲያጥርዎ ግን ያቁሙ።»

«ቅዳሴ መሐል?»

«ቅዳሴ መሐል።»

እሑድ ጠዋት ዕቃዬን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ፤ የደባርቅ መንገድ በዚያው ነው። በሴቶች በኩል ከቅጥሩ አጠገብ ቆምሁ። ወይዘሮ አትጠገብ ከፊቴ ናቸው። ጋሽ ይግዛው በወንዶች በኩል ዛፍ ሥር ነበሩ፤ አንገታቸውን ደፍተዋል።

የቄስ መርሻ ድምፅ ተሰማ። ቀድሞ እንደነበረው ከፍ ብሎ ተነሣ፤ መሐል ላይ ሲደርስ ተቋረጠ። አባ ፈንታሁን አልተቀበሏቸውም፤ ጠበቁ። ሕዝቡም ጠበቀ። ወይዘሮ አትጠገብ አልተንቀሳቀሱም። ቆይቶ ድምፁ ከቆመበት ቀጠለ፤ ዝቅ ብሎ፣ ቃሉን በአጭር በአጭሩ እየከፈለ። ሁለተኛ ሲቆም አባ ፈንታሁን ተቀበሉና አብረው ጨረሱት።

የቅጥሩን ግንብ ተሳልሜ ዕቃዬን አነሣሁና ወደ ደባርቅ የሚወስደውን መንገድ ያዝሁ።